ሲኖቬ፣ ወርቃማው ኮከብና የአያቷ ረግረግ

ሲኖቬ ትባላለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። ቤቷ በሰሜን ኖርዌይ፣ ሂልቪካ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ከጀልባ ማቆሚያው በላይ ያለው ቀይ የእንጨት ቤት ነው። አባቷ ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣና ቶሎ አይመለስም። እናቷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲኖቬን የሚጠብቋት አያቷ እማማ ቦርጊል ናቸው። እሳቸው ግን "እኔን የምትጠብቀኝ እሷ ናት" ይላሉ።

ሲኖቬ ጥሩ ልጅ ነበረች። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ ራሷም ትለው ነበር። ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር መስታወቱን እያየች "ጥሩ ልጅ ነኝ" ትላለች። መስታወቱም አንድ ቀን እንኳ ተቃውሟት አያውቅም።

ማስረጃም ነበራት። ከአልጋዋ ራስጌ የሰንበት ትምህርት ቤት ካርቶን ተሰቅሏል፤ በየሰንበቱ አውርዳ ይዛው ትሄዳለች። ልጅ መልካም ነገር ባደረገ ቁጥር ቄስ ሃልቮር አንድ ወርቃማ ኮከብ በምላሳቸው አርሰው ይለጥፉለታል። ካርቶኑ የሞላለት ልጅ በመከር በዓል የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውላል። ለሲኖቬ አንድ ኮከብ ብቻ ቀርቷታል። ለጎረቤቷ ለቶርሌይፍም አንድ ብቻ ቀርቶታል። ልጆች፣ ቅድስና ሩጫ አይደለም። ግን ቶርሌይፍ ሊቀድም ነው።

አሁን ስለ ሙልቴ ልንገራችሁ። ሙልቴ ረግረግ ላይ የሚበቅል ትንሽ ፍሬ ነው። እንጆሪ ይመስላል፤ ጠባዩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቀይ ሲሆን ጥሬ ነው፤ ይጠነክራል፣ ይኮመጥጣል። ሲበስል ወርቅ ይመስላል፣ ይለሰልሳል። በገና ቀን ከክሬም ጋር ሲቀርብ ዓመቱን ሙሉ ተኳርፈው የከረሙ ወንድማማቾች እንኳ ማንኪያ ይቀባበላሉ።

የሂልቪካ ሰው ደግ ነው። ጀልባውን ያውስሃል። ማገዶውን ያካፍልሃል። ጣሪያህ ቢያፈስ መሰላሉን ይዞ ይመጣል። ሙልቴ የሚለቅመው የት እንደሆነ ብቻ አትጠይቀው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አገሩን የማያውቅ እንግዳ ነው፤ ካልሆነም አሳዳጊ የበደለው ነው።

እማማ ቦርጊል ውሸት ተናግረው አያውቁም። "ቦርጊል፣ ይህን ሁሉ ከየት ለቀምሽው?" ይሏቸዋል።

"ከጫካ።"

"በየት በኩል ሄደሽ?"

"በእግሬ።"

"ሩቅ ነው?"

"ለደከመው ሩቅ ነው።"

አያችሁ ልጆች፣ ሁሉም እውነት ነው። ለማንም አይጠቅምም እንጂ።

በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቀን እማማ ቦርጊል ሲኖቬን ጠሯት። "ዘጠኝ ዓመት ሞላሽ። ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ" አሏት። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ባልዲውን ሻንጣ ውስጥ ደበቁ። ከዚያም ቁልቁል ወደ ባሕሩ ወረዱ።

"አያቴ፣ ጫካው እኮ በዚያ በኩል ነው" አለች ሲኖቬ።

"አውቃለሁ። ኮሬም ያውቃል።"

ጋሽ ኮሬ የቶርሌይፍ አያት ናቸው። አጥራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። በነሐሴ ወር ከአጥራቸው አይነቀሉም።

"ወዴት ነው ቦርጊል?"

"አየሩ ደስ ይላል፣ ኮሬ።"

"ዓሣ ልታጠምጂ ነው?"

"ዓሣ ካለ ባሕር ውስጥ ነው የሚኖረው።"

ጋሽ ኮሬ ይህን መልስ ሲያላምጡ፣ አያትና የልጅ ልጅ በባሕሩ ዳር አለፉ። ከጀልባ ቤቶቹ ጀርባ ታጠፉ። ጅረቱን ይዘው ወጡ። ከጥቁሩ ሐይቅ ጀርባ፣ መብረቅ የሰነጠቀው ጥድ ሥር ሲደርሱ እማማ ቦርጊል ቆሙ። ፊታቸው ያለው ረግረግ ቀይ በቀይ ነበር።

"ገና ጥሬ ነው" አሉ። "ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ አይነካም። ይህን ቦታ እናቴ ናት ያሳየችኝ። እሷን ደግሞ እናቷ። አሁን አንቺ አየሽው። አደራ ነው።"

"ለማንም አልናገርም!"

"ሌላም ነገር ልብ በይ። ያ አረንጓዴ፣ ለምለም ቦታ ይታይሻል? መሬት ይመስላል፤ መሬት ግን አይደለም፣ ማጥ ነው። የኮሬን አባት ላም ከነደወሏ ውጧል። እዚህ ስትደርሺ በስተቀኝ ዙሪ።"

ሲኖቬ ሁለቱንም ሰማች። ቃሏንም የሰጠችው ከልቧ ነበር። ልጆች፣ ሰው ቃል የሚገባው ሁልጊዜ ከልቡ ነው። ችግር የሚመጣው ሰንበት ሲደርስ ነው።

ሰንበትም ደረሰ።

ቄስ ሃልቮር ትልቅ ሰው ናቸው። ቁመታቸው ትልቅ ነው፣ ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ የምግብ ፍላጎታቸውም እንደዚያው። ልጆቹን ፊታቸው አስቀመጡ። ወላጆችና አያቶች እንደ ልማዳቸው ከኋላ ሆነው ዋፍሉን፣ ያን ትኩስ ጣፋጭ ቂጣ፣ ይጠብቃሉ። እማማ ቦርጊል ያን ዕለት ጉልበታቸውን አሟቸው ቤት ቀርተዋል።

"እውነት መብራት ናት!" አሉ ቄስ ሃልቮር። "መብራት አብርቶ ቅርጫት የሚደፋበት ማን ነው?"

"ማንም!" አሉ ልጆቹ።

"እውነትን የሚደብቅስ?"

"ውሸታም!"

"ስለዚህ ዛሬ አንድ የተደበቀ እውነት ወደ ብርሃን ለሚያወጣ ልጅ…" አሉና ከኪሳቸው ወርቃማውን ኮከብ አወጡ።

ቶርሌይፍ እጁን እንደ ሰንደቅ አነሣ። "የእህቴን ቸኮላት የበላሁት እኔ ነኝ!"

እህቱ አጠገቡ ነበረች። እውነቱ ወደ ብርሃን ሲወጣ በክርኗ ተቀበለችው።

"መናገርህ ጥሩ ነው ልጄ" አሉ ቄስ ሃልቮር። "ነገር ግን ይሄ የተደበቀ አልነበረም። አፍህ ዙሪያ ይታያል።"

ሲኖቬ ቀና አለች። ኮከቡ አሁንም በቄሱ ጣት ላይ ነው። የተደበቀ እውነት ታውቃለች። ከዚህ የበለጠ የተደበቀ እውነት በመንደሩ ውስጥ የለም! "አደራ" የሚለው ቃል ትዝ አላት። ግን ደወሉም በጆሮዋ ይደወል ጀመር። ደወል ትልቅ ነው፤ አደራ ግን ድምፅ የለውም።

ሲኖቬ ተነሣች። "የአያቴ ሙልቴ ያለው ከጥቁሩ ሐይቅ ጀርባ ነው! መብረቅ የሰነጠቀው ጥድ ሥር!"

ባለሱቋ እትዬ ጉድሩን ሹራብ እየሠሩ ነበር፤ መርፌው ቆመ። ጋሽ ኮሬ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ ያን ዕለት ሁለቱም ሰሙ።

ቄስ ሃልቮር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጎበዝ፣ ሲኖቬ። ጎበዝ። እ… ከሐይቁ በየትኛው ወገን?"

"በሰሜን።"

"በሰሜን" አሉ ቄሱ ቀስ ብለው፤ ጥቅስ እንደሚያጠና ሰው። "የጠየቅሁት፣ እውነት ሙሉ መሆን ስላለባት ነው።" ኮከቡን አርሰው ለጠፉላት።

ስለ አረንጓዴው ቦታ ሲኖቬ ምንም አልተናገረችም። ኮከቡን ለማግኘት አላስፈለገማ።

ከትምህርቱ በኋላ ሁልጊዜ ዋፍል ይበላል። ያን ዕለት ዋፍሉ ባለቤት አጥቶ ቀዘቀዘ። አንዱ ላሙን ማየት ነበረበት። አንዷ ምድጃ ላይ ድስት ትታ መጥታለች። ጋሽ ኮሬ ድስትም ላምም የላቸውም፤ እሳቸው ዝም ብለው ሮጡ።

በዚያ ሳምንት ሂልቪካን የተፈጥሮ ፍቅር ያዛት። ዛፍ አይተው የማያውቁ ሰዎች ዛፍ ናፈቃቸው። እማማ ቦርጊል ጉልበታቸው ሲሻላቸው ሲኖቬን ይዘው ወደ ረግረጉ ወጡ። ገና ጥዱ ሥር ሳይደርሱ የሰው ድምፅ ሰሙ።

ጋሽ ኮሬ እንደ ድስት ክዳን በምትሰፋ ኩሬ ውስጥ የዓሣ መንጠቆ ጥለው ተቀምጠዋል።

"ምን ያዝክ፣ ኮሬ?" አሉ እማማ ቦርጊል።

"ገና አልነከሰም።"

"እዚህ የሚነክስ ትንኝ ብቻ ነው።"

ራቅ ብሎ እትዬ ጉድሩን የርቀት መነጽር ዓይናቸው ላይ ደግነው ወደ ሰማይ ያያሉ። "ወፍ እያየሁ ነው፣ እማማ ቦርጊል! የሚገርም ወፍ!"

"ወፉ ባልዲሽ ውስጥ ነው እንዴ የሚኖረው?"

እትዬ ጉድሩን ባልዲያቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑ።

ረግረጉ ተረጋግጦ ጭቃ ሆኗል። ፍሬው የለም። ሁሉም ሰው ፍሬው ጥሬ መሆኑን ያውቃል። ሁሉም ሰው መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። ግን ሁሉም ሰው "ሌላው ቢቀድመኝስ?" አለና ቀዩን ለቀመ። የተረፈው ከአረንጓዴው ቦታ ማዶ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት።

ቄስ ሃልቮር በዚያ አልነበሩም። እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አያደርጉም። ሰው እያየ።

እማማ ቦርጊል ሲኖቬን ይዘው ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ድንች መላጥ ጀመሩ። ልጣጩ ቀጭን ነበር። እሳቸው በጣም ሲያዝኑ በጣም ቀጭን ይልጣሉ።

"ማን ነገራቸው?"

"እኔ" አለች ሲኖቬ። "ግን አያቴ፣ እውነት ነው የተናገርኩት!"

"እውነት ነው።"

"እውነት መናገር ደግሞ ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው። እውነቱ የማን ነበር?"

ሲኖቬ ከወለሉ ላይ አንድ ልጣጭ አነሣች።

"ኮከቡስ የማን ሆነ?"

"የኔ።"

"እህ።" እማማ ቦርጊል ሌላ ድንች አነሡ። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የኔ ልጅ። ሮጠሽ አትመልሺውም።"

ልጆች፣ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቁጣ ያልፋል። ቀጭን ልጣጭ ግን ሆድ ይበላል።

"ለሚመጣው ዓመት ይዘውኝ ይሄዳሉ?" አለች ሲኖቬ በቀጭን ድምፅ።

እማማ ቦርጊል ድንቹን አዩት። "እናያለን" አሉ።

"እናያለን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ሲኖቬ አለቀሰች። ካርቶኑን አየችው፤ ሞልቷል። እንደዚያ ሞልቶ እንደዚያ ባዶ የሆነ ነገር አይታ አታውቅም።

በማግስቱ መስታወቱ ፊት ቆማ "ጥሩ ልጅ ነኝ" አላለችም። "ከዛሬ ጀምሮ ምንም አልናገርም" አለች። ይህም ከልቧ ነበር። እናቷ ሱቅ ላከቻት።

"ምን ልስጥሽ፣ የኔ ቆንጆ?" አሉ እትዬ ጉድሩን።

"መናገር አልችልም።"

"ኧረ? እናትሽ ምን ብላ ላከችሽ?"

"እሱንም አልናገርም።"

"እናትሽ ደህና ናት?"

ሲኖቬ አሰበች። "ይሄ የሰው እውነት ነው" አለችና ወጣች።

እናቷ ከሥራ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ሦስት ድስት የዓሣ ሾርባና አንድ የሐዘን አበባ ጉንጉን አገኘች። ሲኖቬ ለምን እንደመጣ ታውቃለች። ግን አልተናገረችም።

እንዲህ እንዲህ ሲል ሌላ ሰንበት መጣ። ጠዋት ሲኖቬ ለዶሮዎቹ ጥሬ ስትበትን ቄስ ሃልቮር ብስክሌታቸውን እየገፉ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ አየቻቸው። የዝናብ ካፖርት ለብሰዋል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ካፖርቱ ሆዳቸው ላይ ክብ ሆኖ አብጧል።

"ሲኖቬ!" ደነገጡ። "እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? እኔ… ስብከቴን ላሰላስል እየሄድኩ ነው።"

"በባልዲ?"

ቄሱ ወደ ሆዳቸው አዩ። "ሐሳቡ ብዙ ነው" አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው "ለማንም አትንገሪ፣ እሺ? ዝምታም ጸሎት ነው" አሏት።

"ባለፈው ግን ቅርጫትና መብራት ብለው ነበር።"

"ባለፈው ሌላ ትምህርት ነበር።"

ሲኖቬ ደስ አላት። በስተመጨረሻ አያቷም ቄሱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ዝም በይ። ዓለም ቀላል ሆነች። ልጆች፣ ዓለም ቀላል የሆነች ሲመስላችሁ ከእግራችሁ ሥር ያለውን ተመልከቱ።

የቅዳሴው ሰዓት ደረሰ። ሰው ሞልቷል። ሊጠመቅ የመጣ ሕፃን ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሶ ይጮኻል። ኦርጋን ተጫዋቹ የሚያውቀውን መዝሙር ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ቄስ ሃልቮር የሉም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቱሪድ በመቀመጫዎቹ መሐል ወዲያና ወዲህ ይላሉ። "ሃልቮርን ያየ ሰው አለ? ቁርስ እንኳ አልበላም!" ሰው ይሄኔ ደነገጠ። ቄስ ሃልቮር ቁርስ ሳይበሉ ቀርተው አያውቁም።

ጋሽ ኮሬ ጣሪያውን አዩ። የቄሱን ብስክሌት ከጥቁሩ ሐይቅ መንገድ ዳር አይተውታል። ግን ይህን ቢናገሩ "አንተስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?" ይባላሉ። እትዬ ጉድሩንም ብስክሌቱን አይተውታል። ወፍ ሲያዩ። እሳቸውም ጣሪያውን አዩ። ያን ዕለት በሂልቪካ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ብዙ ተመልካች ነበረው።

ሲኖቬ ከአያቷ አጠገብ ተቀምጣ ምላሷን ነክሳለች። በልቧ ቄሱን ትከተላቸዋለች። ብስክሌቱን አቆሙት። ጥዱ ሥር ደረሱ። የቀረው ፍሬ ያለው ጉብታዋ ላይ ብቻ ነው። ጉብታዋ ያለችው ደግሞ ከአረንጓዴው…

ቦታውን የነገረቻቸው እሷ ናት። በስተቀኝ ዙሩ ያላለቻቸውም እሷ ናት።

"አያቴ" ብላ አንሾካሾከች።

"እ?"

"አደራ ያለኝ ሰው ቢሰምጥ፣ አደራው አብሮ ይሰምጣል?"

እማማ ቦርጊል ቀስ ብለው ዞሩ። ሲኖቬን ትኩር ብለው አዩ። "አንቺ ምን ይመስልሻል?"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

"መጀመሪያ ቄሱ ነገሩሽ። ከዚያ እኔ ነገርኩሽ። አሁን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ እኔ ያላየሁትን አልፈርድልሽም።"

ሲኖቬ አሰበች። በሕይወቷ እንደዚያ አስባ አታውቅም። ብናገር ማን ይጎዳል? ቄሱ ያፍራሉ። ዝም ብል ማን ይጎዳል? ቄሱ ይሰምጣሉ። ያፈረ ሰው ይድናል። የሰመጠ አይድንም። ስለ ደወሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም።

እጇን አላነሣችም። አልጮኸችም። ግድግዳውን ይዛ ሄደችና የወይዘሮ ቱሪድን እጅጌ ጎተተች። ጆሯቸው ውስጥ ተናገረች። ለሚያስፈልገው ሰው፣ የሚያስፈልገውን ያህል።

ወይዘሮ ቱሪድ አዳመጡ። "ባልዲ ይዟል?"

"አዎ።"

"አውቄው ነበር!"

የሚጎትት ገመድ ያስፈልግ ነበር። ጀልባዎቹ ሩቅ ናቸው። ቅርብ ያለው ጠንካራ ገመድ አንድ ብቻ ነው። ሲኖቬ ራሷ ወደ ደወሉ ማማ ወጥታ ፈታችው። ያን ሁሉ ዓመት የተመኘችውን ገመድ ያን ዕለት በእጇ ያዘችው፤ ሳትደውል ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ሲኖቬ፣ አያቷና ወይዘሮ ቱሪድ ሦስቱ ብቻ ወጡ። በመንገዳቸው ላይ እማማ ቦርጊል ከጋሽ ኮሬ አጥር ረጅም ሳንቃዎች ነቀሉ። "የሚደገፈው በነሐሴ ብቻ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ እያለቀ ነው" አሉ።

ቄስ ሃልቮር እስከ ወገባቸው ሰምጠዋል። ማጡ የያዛቸው ጉብታዋ ላይ ለቅመው ሲመለሱ ነው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ባልዲውን ከራሳቸው በላይ ይዘውታል። ትንኝ እንደ አክሊል ከቧቸዋል። ባልዲው ውስጥ ያለው ሙልቴ ወርቅ ነበር፤ የበሰለ፣ የለሰለሰ ወርቅ።

"ቱሪድ" አሉ በትሕትና። "እንዴት አደርሽ?"

"ሃልቮር፣ ስብከቱ አላለቀም?"

"መደምደሚያው ላይ ነኝ።"

እማማ ቦርጊል አንዱን ሳንቃ ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ያን ሰንበት ቄሱ ሲኖቬን የጠየቋት ሁሉ ደርሷቸው ኖሯል። "ቄስ ሃልቮር፣ በየትኛው ወገን ነው የገቡት?"

"በ… በሰሜን፣ እማማ ቦርጊል።"

"የጠየቅሁት፣ እውነት ሙሉ መሆን ስላለባት ነው።"

ሳንቃዎቹን ዘረጉ። ከሦስቱ ቀላሏ ሲኖቬ ስለሆነች በሆዷ ተኝታ ወደ ቄሱ ተሳበች። ገመዱን ዘረጋችላቸው። "ይያዙ!"

"በየትኛው እጄ?"

"በሁለቱም! ባልዲውን ይልቀቁ!"

"ሲኖቬ ልጄ፣ ሙሉ እኮ ነው።"

"ቅድም የት ድረስ ሰምጠው ነበር?"

"ቅድም?" ቄሱ አሰቡ። "ጉልበቴ ድረስ።"

"ቄስ ሃልቮር" አለች ሲኖቬ፤ አፍንጫዋ ላይ ጭቃ አለ። "እኔም አንድ ነገር ይዤ አልለቅም ብዬ ነበር። ይልቀቁት።"

ቄስ ሃልቮር ባልዲውን አብርሃም ይስሐቅን እንዳየው አዩት። ከሰማይ "ተው" የሚል ድምፅ ጠበቁ። አልመጣም። ለቀቁት። ወርቁ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሦስቱ ሴቶች ጎተቱ፣ ረግረጉ ግፍ እንደተፈጸመበት ሰው አቃሰተ፣ ቄሱ ወጡ። ጫማቸው ግን ከላሚቱ ጋር ቀረ።

ሕፃኑ ገና እየጮኸ ነበር ቄስ ሃልቮር በካልሲያቸው ቤተ ክርስቲያን የገቡት። ከወገባቸው በታች ጥቁር፣ ከወገባቸው በላይ ቀይ ነበሩ። ወደ ስብከት ሰገነቱ ወጡ። ሰው ሁሉ አያቸው።

"ወገኖቼ" አሉ። "ጫካ ነበርኩ።"

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በሂልቪካ ይህ ሙሉ መልስ ነው። እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ግን ሲኖቬን አዩ። ሲኖቬ አላየቻቸውም። ጫማዋን ነበር የምታየው፤ ለማንም ሌላ ሰው አልተናገረችም፣ የመናገርም ሐሳብ አልነበራትም። ይሄኔ ቄስ ሃልቮር ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰ።

"ሳይፈቀድልኝ የእማማ ቦርጊልን ፍሬ ልለቅም ሄጄ ነው። ቦታውንም ከሕፃን አፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በኮከብ ገዝቼ።"

ጋሽ ኮሬ አሳላቸው። ተነሡ። "እኔም… ዓሣ እያጠመድኩ አልነበረም።"

"ይህን እናውቃለን፣ ኮሬ" አሉ እማማ ቦርጊል።

"ወፉም" አሉ እትዬ ጉድሩን ከኋላ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "ወፍ አልነበረም።"

ሕፃኑ ዝም አለ። ተጠመቀ።

በዚያ ሳምንት በእማማ ቦርጊል ደጃፍ የማርማላታ ብልቃጥ ተደረደረ። ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ኮምጣጣ ነበር። እማማ ቦርጊል አንዱንም አልጣሉም። እስከ ፋሲካ ለእንግዳ አቀረቡት፤ በተለይ ለለቃሚዎቹ። "ጨምር እንጂ ኮሬ፣ አፍርህ ነው?" ይላሉ። ጋሽ ኮሬ ይጨምራሉ፤ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ "ይጣፍጣል" ይላሉ። ልጆች፣ ይህኛው ውሸት ነበር። ግን ንስሐ ስለሆነ እንለፈው።

ሲኖቬ ደግሞ በሚቀጥለው ሰንበት ካርቶኗን ይዛ ወደ ቄሱ ሄደች። የመጨረሻውን ኮከብ በጥፍሯ ላጠችና መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ምነው ልጄ? እኔ እንዲያውም ሌላ ልጨምርልሽ ነው!"

"ይሄኛው ቀይ ሳለ የተለቀመ ነው" አለች።

ቄስ ሃልቮር ኮከቡን ተቀበሉ። ኪሳቸው ከተቱት። ሌላ አልለጠፉላትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ስለዚህ በመከር በዓል ደወሉን የደወለው ቶርሌይፍ ነው። ሲኖቬ አላዘነችም? አዘነች። እኔ ለእናንተ አልዋሽም። መልካም ሥራ ሁልጊዜ ደወል አያስደውልም። ገመዱ ላይ ግን የረግረጉ ጭቃ ስላልለቀቀ ቶርሌይፍ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ወረደ። በዚህ ትንሽ ደስ አላት። ትንሽ ብቻ።

ዓመቱ ዞረ። ነሐሴ መጣ። አንድ ጠዋት እማማ ቦርጊል በሩ ላይ ቆመው "ሲኖቬ፣ ባልዲሽን ያዢ" አሏት።

ሲኖቬ ባልዲዋን አነሣች። "ዘንጉን ላምጣ?"

"ተዪው። ከእንግዲህ ማንን እናታልላለን?"

በጋሽ ኮሬ አዲስ አጥር ሥር በቀጥታ አለፉ።

"ወዴት ነው ቦርጊል?"

"ወደ ረግረጉ፣ ኮሬ።"

ጋሽ ኮሬ ኮፍያቸውን አወለቁ። "በስተቀኝ ዙሩ" አሉ።

ረግረጉን ማንም አልነካውም ነበር። ቦታውን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም እንደሚያውቅም ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማንም መጀመሪያ ሊሄድ አልደፈረም። በምስጢር ከነበረበት ዘመን ይልቅ ያን ዓመት ተጠበቀ።

ሲኖቬ ጎንበስ አለች። አንዱን ፍሬ በጣቷ ነካች፤ ተወችው። ሁለተኛውን ነካች፤ ለቀመችው።

"መብሰሉን ማን ነገረሽ?" አሉ እማማ ቦርጊል።

"ማንም" አለች ሲኖቬ። "አየሁት።"

እንግዲህ ልጆች፣ እውነት መናገርም አደራ መጠበቅም መልካም ነው፤ የትኛው መቼ እንደሚያስፈልግ ግን መምህር ያስጀምረናል እንጂ፣ ተሳስተን፣ ተጸጽተንና በገዛ ዓይናችን አይተን ነው የምናውቀው።